ሊጡ ኩፍ እስኪል

አንድ ተማሪ ነበረኝ። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ይቀሩታል። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ ሳያቋርጥ ይወርደዋል። ገበታውን ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ አሰማ» ይባላል፣ ይጨበጨብለታል። እኔም እኮራበት ነበር።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ቢ»ን ብቻዋን ጻፍኩና «ይቺ ማን ናት?» አልኩት። ዝም አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «በ፣ ቡ…» ብሎ በሹክሹክታ ቆጠረና «ቢ!» አለ። «ቦ»ን ስጽፍለት እንደገና ከ«በ» ተነሳ። ሰባቱንም አዳርሶ ደረሰባት። የፊደሏን ዘመዶች ያውቃል። ራሷን ግን አያውቃትም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፊደል ያስተማርኩ መስሎኝ ዜማ ነበር ያስያዝኩት።

የድሮ የኔታዎች ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ሀሁ ተወርዶ ሲያበቃ አቡጊዳ ይመጣል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከዘሩ ተነቅሎ ከባዕድ መሀል ይቀመጣል። ልጁ በዜማው ተንጠልጥሎ ማለፍ አይችልም። ቆም ብሎ ፊደሉን ፊት ለፊት ማየት አለበት። ጣቱ ወይም የያዘው ስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል ይነካታል። እኛ ዘመናዊ ነን ብለን ሀሁን ወሰድን፣ አቡጊዳን ተውን፣ ስንደዶውንም ጣልን። ይህን ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

ኬጂ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። አሁን ያለሁት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ክፍሌ ውስጥ 24 ልጆች በአራት ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት አማርኛ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ሒሳብ። ከእረፍት በኋላ አካባቢ ሳይንስ፣ ሥዕል፣ መዝሙር። ደወል ሲደወል አማርኛው ይታጠፋል፣ እንግሊዝኛው ይወጣል። ልጆቹ ደብተር ሲያወጡና ሲከቱ የሚጠፋውን ጊዜ ብቻ ብትደምሩት ያስደነግጣችኋል።

እረፍት ሰዓት ላይ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ጊቢው ጥግ ላይ አንድ ዛፍ አለ። ጥላው ስር ሴቶቹም ወንዶቹም እቃ እቃ ይጫወታሉ። አፈሩን በውሃ ያቦኩታል። ቆርኪው ሲኒ ነው። ቅጠሉ ብር ነው። አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። አንዷ ሦስት እንጀራ ልትገዛ መጣች። ሻጯ «ጨምሯል» አለቻት። ገዢዋ ቅጠሏን ቆጠረች፣ አልበቃትም። «እሺ ሁለት ስጪኝ» አለች። ከዚያ ደግሞ ጭቃው በጣም ቀጥኖ ኖሮ «ዱቄት ጨምሪበት እንጂ!» የሚል ምክር ከጎረቤት መጣ።

እዚያች ጥላ ስር ሒሳቡ አለ። አማርኛው አለ። ሳይንሱም አለ። ማንም በደወል አልለያያቸውም። ደወሉ የተደወለው እኔ ክፍል ውስጥ ላስተምራቸው ስጠራቸው ነው።

በዚያው ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሄድኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ትምህርቱን ሁሉ በዳቦ ላስተምር አልኩ። ዳቦ ከዱቄት እስከ ጉርሻ፣ በልጆቹ እጅ። ፈቃዱ ተገኘ። «ወላጅ ደብተር እንደሚያይ ግን አትርሺ» የሚል ማሳሰቢያም አብሮ መጣ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። የፈራሁበት ምክንያት ነበረኝ። ከዓመታት በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆች ሽምብራ እንዲቆጥሩ ሰጥቼ አንዱ አፍንጫው ውስጥ ከተተው። ክሊኒክ ወስደን ወጣለት፣ ደህና ሆነ። እኔ ግን ደህና አልነበርኩም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በወርክሺት ብቻ አስተማርኩ። ወረቀት ላይ የተሳለ ሽምብራ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ግን ወደ ልብም አይገባም። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ትናንሽ ጥሬ አልሰጥም፣ ትላልቁን አደንጓሬ እመርጣለሁ። ለየጠረጴዛው 20 ፍሬ ቆጥሬ እሰጣለሁ፣ ሲጨርሱ ራሳቸው ቆጥረው 20 ያስረክባሉ። አንድ ከጎደለ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ጠረጴዛ ስር ገብተን እንፈልጋለን። ልጆቹ ቆጠራን ከዚህ የበለጠ በቁም ነገር የሚያዩበት ሰዓት የለም።

ሰኞ ዱቄት መለካት ጀመርን። «ስንት ሲኒ ዱቄት ይህን ጣሳ ይሞላዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ «መቶ!» አለ። መቶ የሚያውቀው ትልቁ ቁጥር ነው። በሲኒ እየሞሉ፣ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ገለበጡ። አንደኛው ጠረጴዛ 14 አለ። ሌላኛው 11 አለ። ጣሳው አንድ ዓይነት፣ ሲኒውም አንድ ዓይነት። እንዴት ይሆናል? ክርክር ተነሳ። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ከሁሉ የከበደኝ ሥራ እሱ ነው። በመጨረሻ አንዷ ልጅ የጎረቤት ጠረጴዛውን ሲኒ አየችና «እነሱ ተራራ ያደርጉታል!» አለች። እውነት ነው። እነዚያ ሲኒውን ከምረው ይሞላሉ፣ እነዚህ ደግሞ አፉ ድረስ እንኳ አያደርሱትም። ከዚያ በኋላ ሁሉም በጣቱ ሲኒውን መደልደል ጀመረ። መለኪያ እኩል ካልሆነ ቁጥሩ እንደማይስማማ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ በቃል ማስረዳት አልችልም ነበር። ዱቄቱ አስረዳልኝ።

እንግሊዝኛውም ሳይጠራ መጣ። በእንግሊዝኛ ዱቄትና አበባ ሲጠሩ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም «ፍላወር» ነው የሚባሉት። አበባውን ከመጽሐፋቸው ያውቁታል። ዱቄቱን በእንግሊዝኛ ስጠራላቸው አንዱ ግንባሩን ቋጠረና «ሚስ፣ ዱቄት ከአበባ ነው እንዴ የሚወጣው?» አለኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! በማግስቱ ከዘመድ ያስመጣሁትን የስንዴ ዛላ ይዤ ሄድኩ። ስንዴም ያብባል፣ አበባው ግን ትንሽ ስለሆነ ልብ አንለውም አልኳቸው። ዛላውን በመዳፋቸው አሹት፣ እፍ አሉት፣ ገለባው በረረ፣ ፍሬው ቀረ። ፍሬውን በድንጋይ ፈጩት። ነጭ ነገር ወጣ። ልጁ «አላልኳችሁም!» እያለ ጓደኞቹን ዞረ።

ውሃ ስንለካ ደግሞ ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ የሠራውን ነገር ሞከርኩ። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ አሳየኋቸው። አንዱን ረጅምና ቀጭን ዕቃ ውስጥ ገለበጥኩት። «አሁን የቱ ይበዛል?» ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ረጅሙ ጠቆሙ። ፒያዤ እንደጻፈው እስከ ስድስት ሰባት ዓመት ድረስ ብዙ ልጆች እንዲህ ነው የሚያዩት። መልሼ ብርጭቆው ውስጥ ገለበጥኩት፣ እኩል ሆነ። እንደገና ረጅሙ ውስጥ፣ አሁንም «እሱ ይበዛል»። አላረምኳቸውም። ዕድሜያቸው ሲደርስ ራሳቸው ያዩታል። እስከዚያው ግን መገልበጡን አይከለከሉ።

እርሾውን በፊኛ አሳየኋቸው። ሁለት የለስላሳ ጠርሙስ አዘጋጀሁ። በሁለቱም ስኳርና እርሾ ጨመርን። በአንዱ ለብ ያለ ውሃ አደረግን። በሌላው ልጆቹን ራቅ አድርጌ እኔው የፈላ ውሃ ጨመርኩበት። አፋቸው ላይ ፊኛ አጠለቅን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለብ ያለው ላይ ያለው ፊኛ ቀና አለ። ሌላኛው ተኝቶ ቀረ። አንዱ ልጅ ጆሮውን ጠርሙሱ ላይ ለጥፎ «ያንኮራፋል» አለ። እውነትም ሽሽሽ ይላል። እርሾ በዓይን የማናያት ሕይወት ያላት ነገር ናት፣ ስኳር ትበላለች፣ አየር ትተነፍሳለች አልኳቸው። የፈላው ውስጥ ያለችውስ? «ተቃጠለች» አሉ አንድ ላይ። አንዷ ልጅ እስከ ምሳ ድረስ አዝና ነበር።

ረቡዕ አቦካን። ስለ ረቡዕ ብዙ መናገር እፈልጋለሁ።

ክፍሌ ውስጥ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቃል ያልተናገረች ልጅ ነበረች። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ቤተሰቡ ወደ ከተማ የመጣው ክረምት ላይ ነበር። ሌሎቹ «አትናገርም» ይሏታል። እኔም ደጋግሜ በጥያቄ አስጨንቄያት አውቃለሁ። ሊጡ ሲቀርብ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች። በሁለት መዳፏ ገፋ፣ ጠቅለል፣ ገልበጥ ታደርገዋለች። ያስታውቃል፤ ቤቷ ውስጥ አያቷ ወይም እናቷ ሲያቦኩ አጠገባቸው ስትውል ነው ያደገችው። ሌሎቹ ሊጡ ጣታቸው ላይ ተጣብቆ ሲጮሁ የሷ ጠረጴዛ ሊጥ ብቻ ለሰለሰ። አንዱ ደረቀብኝ ብሎ አለቀሰ። እሷ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና «ቢሻን» አለች። ትንሽ ጠብ አደረገችለት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። «ምን አለች?» «ውሃ ማለት ነው» አልኳቸው። ዱቄቱን ሲጠቁሟት «ዳኩ» አለች። ሃያ ሦስት ልጅ «ዳኩ! ዳኩ!» ማለት ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቅ ሊጥ ያጋጠመው ሁሉ እጁን እያወጣ «ቢሻን» ይላል። እሷ ደግሞ በሳምንቱ «ውሃ» አለች፣ በወሩ «ሚስ፣ እኔ ላቡካ» አለች። አፏን ያስከፈተው ጥያቄዬ አልነበረም። እጇ የሚያውቀውን ሥራ ስላገኘች ነው።

ከሊጡ ቁራሽ ቆርሼ ለየልጁ ሰጠሁ። «ዳቦ» የሚለውን ቃል በሊጥ እንሥራ አልኩ። እዚህ ላይ ነው ያ ፊደል ወራጁ ልጅ የመጣው።

«ዳ»ን እዩዋት። ሁለት እግር አላት፣ ቀኝ እግሯ ይረዝማል። «ቦ»ን እዩት። ግራ እግሩ ይረዝማል። ልጆች «ባ»ንና «ቦ»ን የሚያምታቱት ለዚህ ነው፤ ልዩነታቸው የረዘመው እግር የቱ ነው የሚለው ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ይህ ልዩነት የእርሳስ ጭረት ነው። ሊጥ ላይ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። እግሩን አድቦልቡለህ ማርዘም አለብህ። የትኛውን እግር? መወሰን አለብህ።

ያ ልጅ ሁለት እኩል እግር ሠራ። አየው። «ይሄ በ ነው» አለ ለራሱ። ግራውን ሳብ ሳብ አድርጎ አረዘመው። ከዚያ ተነስቶ ቆመና ቀኝ እግሩን አጠፈ። በግራ እግሩ ብቻ ቆመ። «ሚስ፣ ቦ ሆንኩ!» አለኝ። ቀጥሎ እግሩን ቀየረና «ባ ሆንኩ!» አለ። ከ«በ» አልተነሳም። አልቆጠረም። በቀጥታ። ክፍሉ በሙሉ ባንድ እግር እየዘለለ «ባ! ቦ! ባ! ቦ!» ማለት ጀመረ፣ ረዳቷ ሞግዚት ምን ሆኑ ብላ ሮጣ መጣች። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር ብትሉኝም አልከራከርም።

ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድሆች ሰፈር፣ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ከፈተች። ፊደሎችን ከሸካራ ወረቀት ቆርጣ ልጆች በጣታቸው እንዲከተሏቸው ታደርግ ነበር። ዓይን፣ ጣትና ጆሮ አንድ ላይ ሲሠሩ ፊደሉ ይጸናል ብላ ነው። ሥልጠና ላይ ይህን ሲነግሩን ውድ ዕቃ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። እኔ ካርቶን ላይ ኮላ ቀብቼ የጊቢውን አሸዋ በተንኩበት፤ ያው ነው። ጣት በአሸዋ ላይ መሄድ ለኛ አዲስ ነገርም አይደለም። እናቴ የተማረችው መሬት ላይ በጣቷ እየጻፈች ነው።

ያን ቀን ልጆቹን ለማስረከብ በር ላይ ስቆም የአንዱ እናት ደብተር ዘርግታ ጠበቀችኝ። «ሚስ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልጻፈም። ልብሱ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። ምን እየተማረ ነው?» ድምጿ አልከፋም። የደከማት ሴት ድምፅ ነው። ከሥራ ወጥታ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ያን ሁሉ ክፍያ ከደመወዟ ቀንሳ የምታየው ነገር ደብተሩ ብቻ ነው። ደብተሩ ደግሞ ባዶ ነው። ብትጠይቅ አልፈርድባትም።

ብዙ ማለት እችል ነበር። ኬጂ የምንለው ነገር ስሙ ራሱ የልጆች አትክልት ስፍራ ማለት እንደሆነ፤ ፍሮበል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1840 ይህን ስም ሲያወጣ ለልጆቹ በመጀመሪያ የሰጣቸው ኳስና የእንጨት ኩብ እንደሆነ። የእኛም የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት የልጁ ሁለንተናዊ እድገት ላይ እንደሚያተኩር በግልጽ መጻፉን። «መዋዕል» ውሎ ነው፤ ሕፃናት የሚውሉበት። ግን በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ታክሲ ለሚያመልጣት እናት ይህ ሁሉ አይነገርም። «አርብ ይምጡና ይዩ» አልኳት። «ሥራ አለብኝ» ብላ ልጇን ይዛ ሄደች። ያን ለሊት የሷ ፊት ሲመላለስብኝ አደረ።

ሐሙስ ሊጡን ግልጽ ባልዲ ውስጥ አደረግን። ሊጡ የደረሰበት ላይ ከውጭ በኩል ቀይ ፕላስተር ለጠፍን። «መስመሩን ሲያልፍ እንጋግራለን።» ልጆቹ በተራ እየተነሱ ያያሉ። ጠዋት ብርድ ስለነበር ሊጡ ንቅንቅ አላለም። «ሞቷል?» አለ አንዱ። ባልዲውን ፀሐይ ወዳለበት መስኮት አዛወርነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ተነሳ። አማርኛ ለዚህ የሚገርም ቃል አለው፤ ኩፍ አለ። ልጆቹ ጉንጫቸውን ነፍተው «ኩፍ!» ይላሉ። ቃሉ ራሱ አፍን ይነፋል።

ሊጡ መስመሩን አለፈ። ጭብጨባ ሆነ። ምጣዱን ልንሰካ ስንል መብራት ጠፋ።

አምስት ሰዓት ድረስ ጠበቅን። ሊጡ አልጠበቀንም። ላስቲኩን ገፍቶ በባልዲው ጠርዝ መፍሰስ ጀመረ። ልጆቹ በደስታ ሞቱ። እኔ ግን አንጀቴ አረረ፤ የአንድ ሳምንት ዝግጅት ዓይኔ እያየ መፍሰሱ ነው። ከምሳ በኋላ ስንመለስ ሊጡ ወርዶ፣ ተሸብሽቦ፣ ጠረኑ ኮምጥጦ ጠበቀን። «ለምን ወረደ?» የመልሱን መጀመሪያ እያሰብኩ ሳለ ያቺ ለእርሾዋ ያዘነችው ልጅ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። የማክሰኞው ፊኛ እዚያው ጠርሙሱ ላይ ተሸብሽቦ ተንጠልጥሏል። «እንደሱ ተነፈሰ» አለች። ሊጡ አየሩን የሚይዘው ውስጡ ባለው መረብ ነው፤ መረቡ ሲላላ አየሩ ያመልጣል። እሷ ያለችው ይህንኑ ነው፣ በሁለት ቃል።

ሊጡን ልንደፋው ነው ብለው አዘኑ። አልደፋነውም። ኮምጣጣውን ሊጥ ጥቂት ወስደን በአዲስ ዱቄት ለወስነው። የትናንቱ ሊጥ የዛሬው እርሾ ሆነ። እናቶቻችን ቡሃቃው ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት የሚያስቀሩት ለዚሁ ነው አልኳቸው። መብራት ባይጠፋ ይህን ትምህርት አላስተምረውም ነበር።

አርብ መብራት ነበር። አራት ዳቦ ጋገርን። ጥቁር አዝሙዱ ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ለየጠረጴዛው አንድ ዳቦ፣ ለስድስት ልጅ። «እኩል ተካፈሉ» አልኩ። ቢላውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ የት እንደምቆርጥ የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ «እኩል ለሁለት ቁረጪው» አለኝ። ቆረጥኩ። «እንደገና ለሁለት።» አራት ሆነ። አልበቃም። «እንደገና!» ስምንት ሆነ። ሁሉም አንድ አንድ አነሳ፣ ሁለት ተረፈ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አንዱ ልጅ በጣቱ ዳቦው ላይ መስመር እያሰመረ ለሁለት ካስቆረጠኝ በኋላ ግማሹን «ለሦስት» አለኝ። ስድስት ሆነ። ምንም አልተረፈም።

ከዚያ ጭቅጭቁ ተነሳ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ የጎረቤቱን ቁራሽ አየ። «የነሱ ይተልቃል!» ስምንት ቁራሽ ያላቸው እነሱ ናቸው፣ ስምንት ደግሞ ከስድስት ይበልጣል፤ ታዲያ ለምን አነሰባቸው? አንዱ ልጅ ሁለቱን ቁራሽ አጠጋግቶ፣ አስተያይቶ፣ ብዙ ቆየ። እኔ አሁንም ዝም። «ብዙ ስለቆረጥን ነው ያነሰብን» አለ በመጨረሻ። ክፍልፋይን ትልልቅ ተማሪዎች ሳስጠና ከአንድ ስድስተኛና ከአንድ ስምንተኛ የቱ ይበልጣል ብዬ ስንቴ ለፍቻለሁ። ስምንት ስለሚበልጥ ስምንተኛው ይበልጣል ይሉኛል። ይሄ ልጅ ገና ክፍልፋይ የሚባል ቃል አልሰማም። ግን በልቶታል።

የተረፉት ሁለቱስ? አንዷ «ለጋሼ» አለች፣ ለጥበቃው። ሌላኛው ለሞግዚቷ ለእትዬ ተሰጠ። ልጆቹ ተሰልፈው በር ድረስ ይዘው ሄዱ። ጋሼ በሁለት እጁ ተቀብሎ መረቃቸው። «አሜን» ሲሉ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ባዶ እጃቸውን የቀሩት ባለ ስድስቶቹ ናቸው፤ ምንም አልተረፋቸውምና የሚሰጡት የለም። አንዱ ከራሱ ቁራሽ ቆንጥሮ ተከተላቸው።

መንግሥት ትምህርት ቤት «ኦ ክፍል» የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ። ይህን ሁሉ ስነግራት ሳቀችና «እኔ ከሃምሳ በላይ ልጅ ይዤ ዱቄት ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። ትክክል ናት። ግን እሷ የምትሠራውን ሄጄ አይቻለሁ። ልጆቹ የለቀሙትን ቆርኪ በአሥር በአሥር እየደረደሩ ይቆጥራሉ። ጊቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ አስምራ በየሳጥኑ ፊደል ጽፋለች፤ ጠጠሩ ያረፈበትን ሳያነቡ መዝለል የለም። መሬት ቆፍረው ገበጣ ይጫወታሉ። ገበጣ ውስጥ ጠጠር እያከፋፈለ የዋለ ልጅ አንድ ለአንድ መቁጠርን፣ ቀድሞ ማሰብን፣ ተራ መጠበቅን ይዞ ይወጣል። ዕቃው ችግር አይደለም። የሚጎድለን ልጁ በእጁ ሲሠራ ትምህርት እየተማረ ነው ብለን የማመን ድፍረት ነው። ከዳይሬክተር ጀምሮ እስከ ወላጅ፣ እኔም ጭምር።

ደብተር ይቅር አላልኩም። ልጄም ቢሆን ደብተር ላይ ቢጽፍ እወዳለሁ። አሁን የማደርገው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። መጀመሪያ ሊጥ ወይም አሸዋ ወይም ጠጠር፣ ቀጥሎ ደብተር። በቀጣዩ ሰኞ «ዳቦ» ብለው ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ እግሮቹ አልተምታቱም፤ የሁለት ልጅ ብቻ ተምታታ፣ እነሱም ቆመው ሞከሩት።

የዚያች ደብተር ዘርግታ የጠበቀችኝ እናት ነገር ግን አሳሰበኝ። አርብ አልመጣችም። ዳቦ ልኬላት ምን እንዳለች አላወቅኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት የልጇ የመገናኛ ደብተር ውስጥ ጽሑፍ አገኘሁ። በጥድፊያ የተጻፈ ነው፣ እስክሪብቶው መሀል ላይ አልቆ በሌላ ቀለም ቀጥሏል።

«ሚስ፣ እንደምን አደሩ። ልጁ የእንጀራው ሊጥ ባልዲ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፎ ማንም እንዳይነካው ብሎ ከለከለን። አያቱ ልትጋግር ስትነሳ አለቀሰ። እህቱ ሁለቴ ተነስታ እንድታይ አደረጋት። ቤት ውስጥ እንጀራ የለም። መቼ ነው የምንጋግረው?»

ስሩ ላይ ጻፍኩላት፦ «መስመሩን ሲያልፍ።»